በጓሯችን የተቆረጠው ክትር

ከሰዓት በኋላ የኒም ዛፉ ጥላ ወደ አጥሩ ሲዞር ልጆቹ ይመጣሉ። ሦስት ናቸው፤ አንዷ የእኔ፣ ሁለቱ የእሱ። የእኔ የምላት የሴት ልጄ ልጅ ናት። እናቷ ቆቦ ገበያ ልብስ ስለምትሸጥ እስክትመለስ እኔ ጋ ትውላለች። የእሱ የምላቸው የጎረቤቴ የልጅ ልጆች ናቸው። ትልቋ የፊት ጥርሶቿ የወለቁባት፣ ትእዛዝ የምትወድ ልጅ ናት። ወንድሟ ደግሞ ሱሪው ስለሚሰፋው በአንድ እጁ ይዞት የሚሮጥ ድቡልቡል ነው። ግቢያችንን የሚለየው የቁልቋል አጥር ነው። ልጆቹ በቀዳዳው ይሾልካሉ፣ እኔና ጎረቤቴ በበር እንገባባለን።

መጀመሪያ እቃቃ ነበር የሚጫወቱት። ቆርኪው ሰሀን፣ አሸዋው ሩዝ፣ በጨርቅ የተጠቀለለው የበቆሎ ቆረቆንዳ ሕፃን ይሆናል። ከዘይት ጀሪካን የተቆረጠች ባጃጅም ነበረቻቸው፤ ጎማዋ የእኔ አሮጌ ነጠላ ጫማ ነው። ድቡልቡሉ እሷን በገመድ እየጎተተ «ጎብዬ! ጎብዬ! አንድ ሰው የቀረ!» እያለ ዶሮዎቹን ሲያባርር ይውላል። እኔም ሥራ ስለሌለኝ ከማሽላ አገዳ ግመል እሠራላቸዋለሁ፤ ከጭቃ በሬ አድቦልቡዬ የግራር እሾህ ቀንድ እተክልለታለሁ።

ቆይተው ጎርፍ መጫወት ጀመሩ። የዚህ አገር ልጅ ሁሉ አንድ ቀን ጎርፍ ይጫወታል። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ እኛ ሜዳ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ማሽላ አያደርስም። የምናበቅለው ተራራው ላይ በዘነበው ነው። እዚያ ማዶ ሰማዩ ያጉረመርማል፣ እኛ ጋ ፀሐይ ነው፣ ከዚያ ደረቁ ወንዝ ድንገት ሞልቶ ይወርዳል። በአፈርና በእሾህ በሠራነው ክትር መንገዱን እናስትና ወደየእርሻችን እናስገባዋለን። ተራ አለው። ተራውን የሚያስጠብቅ እኛው የመረጥነው ሰው አለ፤ የውሃ አባት ይባላል። የላይኛው እርሻ ሲሞላ ለታችኛው ይለቀቃል። ያን ውሃ በወቅቱ ያላገኘ ሰው ያን ዓመት አገዳውን ለከብት ከማጨድ ሌላ የሚያደርገው የለም።

ጥርሰ ወላቃዋ የውሃ አባት ሆነች። የእኔዋ ገበሬ። ድቡልቡሉ ጎርፍ። የውዱእ ማንቆርቆሪያዬን ሞልቼ ሰጠሁት፤ ከአጥሩ ሥር እያጓራ መጣ።

«ቆይ! ገና አልጠራሁህም!» አለችው እህቱ።

«መጣሁ አልኩሽ እኮ! ዞር በሉ!»

«የውሃ አባት ሲጠራህ ነው የምትመጣ!»

«አባዬ፣ ጎርፍ ሲጠሩት ነው የሚመጣው?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ሲፈልግ ነው የሚመጣው» አልኩት።

«አየሽ!» አለና ሙሉውን ማንቆርቆሪያ እግሯ ላይ ገለበጠው።

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ዓይኔ ግን መሬት ላይ በፈሰሰው ውሃ ላይ ቀረ፤ ሐሳቡ የመጣልኝ ያን ጊዜ ነው።

አሁን የጎረቤቴን ነገር ልናገር። እርሻችን ኩታ ገጠም ነበር፤ የእኔ ከላይ፣ የእሱ ከታች። የእኔን ክትር አንድ በጋ አብረን ነው የሠራነው። ጥጉ ላይ ከወንዙ እያንከባለልን ያመጣነውን አንድ ነጭ ድንጋይ ቀበርን፤ አናቱ ብቻ ይታይ ነበር። ክብደቱን ሁሉ የያዘው እሱ ነው። «ይህን የነካ ሁሉንም አፈረሰው» ብሎኝ ነበር እጁን እያራገፈ።

ከዚያ ወንድሜ ዋጃ ላይ ሞተ። ደመናው ተራራው ላይ መቆለል በጀመረበት፣ ተራው የእኔ በሆነበት ሰሞን ነው። በእኛ ዘንድ ለቅሶ የሄደ ሰው ውሃው አይነካም፤ ከበታቹ ያለው ጎረቤት ቆሞ ያስገባለታል፣ ሲሞላም ይዘጋለታል። ይህ የተጻፈ አይደለም፤ ግን ማንም ያውቀዋል። ጎረቤቴ በር ድረስ ሸኝቶኝ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ሂድ፣ ወንድምህን ቅበር» አለኝ። «ውሃህ እኔ ጋ ነው።»

ስመለስ ጎርፉ መጥቶ ሄዷል። የእኔ እርሻ መሬቱ እንደተሰነጣጠቀ ነው፣ ክትሩ ተቦድሶ ተወስዷል። የእሱ እርሻ ሰማዩን ይዞ ያበራል። ነጩን ድንጋይ ፈለግሁት። ከክትሩ በላይ፣ ውሃ ባልደረሰበት ደረቅ ዳር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጎርፍ ድንጋይ ወደ ላይ ተሸክሞ ያስቀምጣል እንዴ?

ሽማግሌ ተቀመጠ። የድንጋዩን ነገር ተናገርሁ። ጎረቤቴ መሬት መሬት እያየ «ጎርፉ ሰብሮት ነው» አለ። አንዱ ሽማግሌ ጭራውን እየወዘወዘ «ታዲያ ጎርፉን እንክሰሰው?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጎረቤቴም ሳቀ። ወንድሜን ከቀበርሁ ሳምንት ያልሞላኝ ሰው መሃላቸው ተቀምጬ፣ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። «ለጉርብትና ስትል ተወው» አሉኝ። ተውሁት አልኩ፤ አልተውሁትም።

ያን ዓመት ጅጉርቴ የምንለው ማሽላዬ ከወገብ ሳያልፍ ነደደ። በሬው ተሸጠ። ትልቁ ልጄ ቤቱን ዞር ብሎ አየና «እዚህ ምን እጠብቃለሁ?» አለ፤ በአፋር በረሃ በኩል ወደ ባሕሩ ሄደ። ሳዑዲ ገባ። አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለ፤ ለዒድ ይደውላል። ልጆቹን የማውቃቸው በስልክ መስታወት ነው፤ አማርኛ አይገባቸውም። «አያታችሁ ነው» ሲላቸው ይሰማኛል፣ እነሱ ይሮጣሉ።

እኔ ከጎረቤቴ ካሳ ፈልጌ አላውቅም። የፈለግሁት ከአፉ አንድ ቃል ነው፤ እኔ ነኝ የቆረጥኩት እንዲል። ለብቻው አግኝቼ ስንት ጊዜ ጠየቅሁት። «ኧረ ጎርፍ ነው ወንድሜ፣ ምን ሆነሃል?» ይለኛል፤ በለሆሳስ፣ እንደ በሽተኛ እያባበለ። በጁምዓ ትከሻ ለትከሻ ቆመን እንሰግዳለን። ሚስቱ ስትሞት ቃሬዛዋን ተሸክሜያለሁ። እሱ ለቅሶ ላይ ሳለ ተራው ደርሶ ነበርና ጭቃ ውስጥ ቆሜ ውሃውን አስገባሁለት፣ ሲሞላም ዘጋሁለት። ሰዉ ደግነቴን አወራ። ደግነት አልነበረም፤ እንዲያፍር ነበር። «አላህ ይስጥልኝ» አለና አለፈ። አላፈረም።

እና ማንቆርቆሪያው በተገለበጠ በማግሥቱ ልጆቹ ሲመጡ «ዛሬ እርሻውን እኔ ልሥራላችሁ» አልኳቸው። ከኒሙ ሥር ተንበርክኬ ሁለት እርሻ ሠራሁ፣ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች። ወንዙን በማጭድ ጫፍ ጫርሁ። ክትሩን በጭቃ ለሰንሁት፤ ጥጉ ላይ ትንሽ ነጭ ጠጠር አናቱ እስኪታይ ቀበርሁ። ማሽላው የስንደዶ ስብርባሪ ነው። በልጅነቴም እንዲህ ተጠንቅቄ አልሠራሁም። ከዚያ ጨዋታውን ነገርኳቸው፤ አንዱ ገበሬ ወንድሙ ይሞትበታል፣ ለቅሶ ይሄዳል፣ ውሃውን ለጎረቤቱ አደራ ይሰጣል፣ ጎረቤቱ ክትሩን ይቆርጣል፣ የውሃ አባት ሲጠይቀው «ጎርፉ ነው» ይላል።

«ሲል ሰው ሁሉ ይስቃል» አልኳቸው።

«ለምን ይስቃል?» አለች የእኔዋ።

«እንጃ። እንዲህ ነው ጨዋታው።»

ልጆች ለቅሶ እንዲህ እንደሚወዱ አላውቅም ነበር። ቆረቆንዳው ሟች ሆነ፤ በእኔ መሃረብ ከፈኑት። ጥርሰ ወላቃዋ የሴትዮ ድምፅ እያወጣች አለቀሰች። የእኔዋ ከግንዱ ሥር ጉድጓድ ቆፈረች። ቀብሩ ሲረዝም ድቡልቡሉ ማንቆርቆሪያውን ታቅፎ ከአጥሩ ሥር ጮኸ፦

«ሰውዬው ቶሎ ይቀበርልኝ! ውሃው ከበደኝ!»

እንዲህ ስንት ቀን ተጫወቱት። እኔ ግን የምጠብቀው አንድ ተመልካች ነበር። ጎረቤቴ ከሰዓት ከሰዓት ምርኩዙን ይዞ ይመጣል፤ የተገለበጠው ጀሪካን ላይ ይቀመጣል፣ ስለ እህል ዋጋና ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራኛል። ጉልበቱ አስሮት ሰንብቶ አንድ ቀን በመጣ ጊዜ ልጆቹ ለቅሶውን ጨርሰዋል። የእኔዋ ቆራጭ ሆና የሻይ ማንኪያ እንደ አካፋ ይዛ ክትሩ ላይ ቁጢጥ ብላለች።

እርሻዎቹን አየ። ጠጠሩንም ያየ መሰለኝ፤ ወሬውን አቋረጠ። ልጅቷ ማንኪያውን ክትሩ መሃል ላይ ሰካች። ጭቃው እንቢ አላት። ተፍጨረጨረች። እሱ ጀሪካኑ ላይ ተቁነጠነጠ። ገበሬ ነው፤ ሥራ ሲበላሽ ማየት አይችልም።

«አይ ልጄ፣ መሃሉን አይደለም» አለ።

ወደ ክትሩ ጎንበስ አልኩ።

«መሃሉን ከቆረጥሽው አንቺንም ይዞሽ ይሄዳል። ከጥጉ። መጀመሪያ ድንጋዩን አንሺው።»

ልጅቷ ነጩን ጠጠር ነቅላ ወንዙ ውስጥ ወረወረችው።

«ኧረ እዚያ አትጣይው!» ምርኩዙን ዘርግቶ አወጣው። «ወደ ላይ፣ ደረቁ ላይ አስቀምጪው እንጂ። ሰውዬው ሲመለስ ለመጠገኛ ይፈልገው የለም?»

ድቡልቡሉ «መጣሁ!» ብሎ ውሃውን ለቀቀ። ክትሩ ከጥጉ ተገመሰ፤ ውሃው የላይኛውን እርሻ ሳይነካ በአፍታ የታችኛውን ሞላው። በጣም ጥሩ አቆራረጥ ነበር። ልጆቹ አጨበጨቡ።

ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ የማስበው ሌላ ነበር፤ ድንጋዬን አስቦልኛል። ክትሬን ሲቆርጥ፣ ወንድሜ አፈር ሲለብስ፣ ያቺን ድንጋይ እንዳትጠፋብኝ አንከባልሎ ዳር አስቀምጦልኛል። ለልጄ ያላሰበውን ለድንጋዬ!

«ሻይ ላምጣልህ?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«የለም... የዐስር ሶላት ደረሰ» አለና ተነሳ። ዐስር ገና ነበር።

ወደ ሽማግሌ ልሄድ እችል ነበር። ግን የሳቁት ሽማግሌዎች ሁሉም ሞተዋል፤ አላህ ይማራቸው፤ የእኔን ነገር ሳያዩ ነው የሞቱት። ስለዚህ ልጆቹ ይበቁኛል አልኩ። ከጋሪ እየገዛሁ ግንዱ አጠገብ ባለው በርሜል የማጠራቅመውን ውሃ ጨመርሁ። ሴት ልጄ «አባዬ፣ ይህ ሁሉ ጀሪካን የት ይገባል?» ስትለኝ «ሙቀቱ ነው» አልኳት። ማታ ማታ የፈረሰውን ክትር እለስናለሁ፣ ነጩን ጠጠር ወደ ቦታው እመልሳለሁ፣ ለነገ።

ልጆቹ አሁን አቆራረጡን ከባለሙያው ተምረዋል። ቆራጩንም እሱን አደረጉት፤ ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ እኔ አልነገርኳቸውም። ለቆረቆንዳው የክብሪት እንጨት ምርኩዝ አስያዙት፣ እንደ እሱ ሽርጥ አስታጠቁት። ከዚያ ቆረቆንዳው አልበቃ አለና ራሳቸው መሆን ጀመሩ።

«ዛሬ አባባ እኔ ነኝ!» ይላል ድቡልቡሉ። እነሱ አያታቸውን አባባ ነው የሚሉት።

«ትናንት አንተ ነበርህ! አንተ ሳሉን አታውቅበትም!»

«አውቅበታለሁ! እህ፣ እህ፣ እህ... ጎርፉ ነው! ጎርፉ ሰብሮት ነው!»

እና ይስቃሉ። መንገድ አላፊው ሁሉ እስኪሰማ ይስቃሉ። እኔ ኒሙ ሥር ተቀምጬ መስባሓዬን እቆጥራለሁ። ያን ሳቅ ከሽማግሌዎቹ ሳቅ ጋር አስተያየዋለሁ፤ የልጆቹ ይበልጣል፣ የጠራ ነው። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ከዚያ በላይ የጣፈጠኝ ነገር ብዙ አላስታውስም።

ጎረቤቴ መምጣቱን ተወ። ከአጥሩ ወዲያ «ልጆች፣ ወደ ቤት!» ብሎ ይጠራቸዋል፤ ይሄዳሉ፣ እዚያው በእሱ ግቢ ጭቃ ያቦካሉ። አንድ ጁምዓ ከመስጊድ ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ።

«ልጆቹን ተው በላቸው» አለ።

«ምን አደረጉ?»

«ታውቀዋለህ።»

«እኔ የማውቀው ጎርፍ እንደሚጫወቱ ነው። ጎርፉን እንክሰሰው እንዴ?»

ክንዴን ጠበቅ አደረገ። «አርጅተናል እኮ፣ አንተ ሰው።»

«አርጅተናል» አልኩት። «አንድ ቃል ነው ያቃተህ።»

ክንዴን ለቀቀ። ሰው ሰላም ሊለን ሲመጣ ሁለታችንም ፈገግ አልን።

ከዚያ በኋላ ነው ጥርሰ ወላቃዋ ነገሩን በራሷ ያመጣችው። ወንድሟ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ስለጠፋ ክትሩን ከቆረጡ በኋላ አባባን ሆኖ «ጎርፉ ነው» የሚል ሰው አጥተው ነበር። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አሰበች፤ በቀዳዳው ሾልካ ሄደች። ድምፅዋን ከወዲያ እሰማለሁ።

«አባባ፣ አንቱን የውሃ አባት ይጠራዎታል!»

«ተይኝ ልጄ።»

«የውሃ አባት ሲጠራ አይቀርም! ያልመጣ ይቀጣል!»

አንድም የሜዳው ሰው የውሃ አባት ሲጠራው ቀርቶ አያውቅም። ሳሉ ተሰማ፤ ምርኩዙ ተሰማ። በበር ሳይሆን በልጆቹ ቀዳዳ በኩል፣ ጎንበስ ብሎ፣ ቁልቋሉ ሽርጡን እየያዘው ገባ። ሰላም አላለኝም። እርሻዎቹ ፊት ቆመ። ክትሩ ፈርሷል፤ የላይኛው እርሻ ደረቅ ነው። ልጅቷ የአገዳ በትሯን አነሳች።

«አንቱ ሰውዬ፣ ይህን ክትር ማን ነው የቆረጠው?»

የእኔዋና ድቡልቡሉ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። «ጎርፉ ነው» እንዲል እየጠበቁ ነው፤ ሳቁ ጉሮሯቸው ላይ ደርሷል።

እሱ ልጅቷን አያት፣ የሚንጠባጠበውን ማንቆርቆሪያ አየ። ወደ እኔ አላየም።

«እኔ ነኝ» አለ።

ልጆቹ ግራ ገባቸው። ሳቁ ቀረ። የውሃ አባት ግን አልደነገጠችም፤ ፊቷን ኮሶ አስመሰለች።

«ባለ እርሻው የት ነበር?»

«ለቅሶ። ወንድሙን ሊቀብር።»

«አደራ ብሎዎት ነበር?»

«ብሎኝ ነበር። ውሃህ እኔ ጋ ነው ብዬው ነበር።»

መስባሓው እጄ ላይ ቆሟል። ያን ቃል ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ሲመጣ እንዴት እንደምሆን ብዙ አስቤ ነበር፤ እጮሃለሁ ብዬ፣ ወይም አለቅሳለሁ ብዬ። አንዱም አልሆነ። ደረቴ ውስጥ ቀዝቃዛ ነገር ገባ፤ ደስ የሚል ቅዝቃዜ።

«እንግዲያው» አለች ልጅቷ፣ «ክትሩን ይጠግኑና የሱን እርሻ ይሙሉለት!»

ጉልበቱ እንደማይታጠፍ አውቃለሁ፤ በየቀኑ ሲነግረኝ ኖሯል። ምርኩዙን ግንዱ ላይ አስደገፈ፤ መሬቱን በእጁ እየፈለገ ተንበረከከ። ጠጠሩን ከዳር አንስቶ ጥጉ ላይ ቀበረው፤ ጭቃውን በአውራ ጣቱ እየጫነ ለሰነው። ማንቆርቆሪያውን ተቀብሎ ወደ ላይኛው እርሻ አንቆረቆረ። ውሃው ወደ ስንደዶዎቹ ሥር እየተሳበ ገባ። አፈሩ ጠጣው። ጨርሶ ቀና ሲል ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ አሁን ወደ እኔ አየ፣ እጁን ዘረጋ፤ አንሣኝ ነው።

እኔ ከተቀመጥሁበት አልተነሣሁም።

«ገና አልሞላም» አልኩት።

ልጆቹ እኔን አዩ፣ እሱን አዩ። «አባዬ፣ ሞልቷል እኮ፣ በቃ» አለች የእኔዋ።

«አልሞላም» አልኩ።

ግንዱን ይዞ ራሱ ተነሣ። ማንቆርቆሪያውን አንጠልጥሎ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ፣ ወደ በርሜሉ ሄደ።